ከሕጉ በፊት ብሩሹ

«ሕፃናትን ሰብስቦ ግድግዳ ማስቀባት ደግ ጨዋታ ነው፤ ፍጥረትን ከጥፋት የሚያድነው ግን ሕግ፣ ገንዘብና ዕውቀት እንጂ ቀለም አይደለም» የሚለው አስተያየት በዴንቨርና በአውሮራ፣ ከእነርሱም በስተምዕራብ በተራራው ግርጌ በተዘረጋችው በሌክውድ ከተማ፣ የአገሩ ተወላጅም ሆነ ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚህ ጎጆ የቀለሰው ወገናችን ያለ ብዙ ምርመራ የሚቀበለው አስተያየት ሆኗል። የሚናገሩት ሰዎች ቁም ነገረኞች ስለሆኑ፣ አነጋገሩም ጭምት ስለሆነ፣ ደፍሮ የሚቃወመው ብዙ አይገኝም። እኔ ግን ስሕተት ነው እላለሁ፤ ስሕተቱም ከሥሩ የሚጀምር ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ከሁሉ በኋላ፣ ያውም ጊዜና ገንዘብ ከተረፈ ብቻ፣ እንዲሠራ ያዝዛልና።

የእነዚህን ሰዎች ነገር በሙሉ ኃይሉ አስቀድሜ ላቅርብ። የተሣለ ወፍ አይበርም፤ እንቁላልም አይጥልም ይላሉ። በአዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ቀለም የሚበጠብጥ ሕፃን ከጅረቱ ዳር እንደ ራቀ ነው፤ ለብሩሽና ለቀለም የሚወጣው ገንዘብ ዛፍ ሊያስተክል፣ መሬት ሊያስገዛ፣ ዕፀዋትንና አራዊትን ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር ሊያስቀጥር ይችል ነበር። ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያሠጋቸው ሥዕል ኅሊናን ማስተኛቱ ነው፤ በአንድ ግድግዳ ላይ ሽመላ ያሣለች ከተማ በዚያው ዓመት ሽመላዋ የምትኖርበትን ኩሬ የከበቡትን አሮጌ ዛፎች ለማስቆረጥ ፈቃድ ልትሰጥ ትችላለች፤ ግድግዳውን የሚያይ መንገደኛም ከተማዋ ፍጥረትን ትወዳለች ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ እናቶችና አባቶች ደግሞ በዚህ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ፦ ባሕር ተሻግረን፣ ሌሊት ሠርተን ቀን ሳንተኛ ያሳደግነው ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን እንጂ እጁን በቀለም አጨማልቆ እንዲመለስ አይደለም፤ ሥዕል እንጀራ አይሆንም፤ ደግሞስ የዚህ አገር ተራራና ጅረት የእኛ ምናችን ነው? ይላሉ። ይህ ሁሉ ከክፉ ልብ የወጣ ነገር አይደለም። ከመካከሉም አንዱ እውነት ነው፤ እርሱንም በቦታው ሳልደብቅ እመሰክራለሁ።

ከወፉ እንጀምር። የተሣለ ወፍ እንደማይበር የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የሥዕሉ ዋጋ በግድግዳው ላይ በቀረው ወፍ ብቻ ይለካል ያለው ማን ነው? ብሩሹ ከመነሣቱ በፊት የሚፈጸም ሥራ አለ፤ እርሱም ልቡናን ሰብስቦ በአንድ ፍጥረት ፊት መቆየት፣ አበው አንክሮና ተደሞ በሚሉት ትዕግሥት መመልከት ነው። በሌክውድ መናፈሻዎች ሣር ላይ ዘወትር የምትታየውን ማግፓይ የተባለችውን ወፍ ውሰዱ። በአጠገቧ የሚያልፈውን ሕፃን ምን ትመስላለች ብትሉት «ጥቁርና ነጭ ናት» ብሎ ሩጫውን ይቀጥላል። ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ ከፊቷ አስቀምጡትና ሲሥል ተመልከቱት። ጅራቷ ከቀረው አካሏ የማይተናነስ ርዝመት እንዳለው፣ ነጩ ከትከሻዋና ከሆዷ ላይ እንጂ ከራሷ ላይ እንደሌለ፣ ጥቁር ነው ያለው ክንፏ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ እንደሚያደላ እጁ ያስገድደዋልና ያያል፤ እጅ ያልታየውን መሣል ስለማይችል ዓይንን ደጋግሞ ወደ ወፏ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ጅረቱ ወርዳችሁ በኮተንውድ ዛፍ ሥር አስቀምጡት፤ ነፋስ ያለ በማይመስልበት ሰዓት እንኳ ቅጠሉ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ይጠይቃችኋል፤ አንዷን የወደቀች ቅጠል አንሥቶ አንገቷን በጣቱ ሲዳስስም ድቡልቡል ሳትሆን ከጎንና ከጎን የተጠፈጠፈች ሆና ያገኛታል። በዚያች ደቂቃ የዕፀዋት ትምህርት፣ ደወል ሳይደወል፣ ከሕፃኑ ከራሱ ጥያቄ ተጀምሯል። እንግዲህ ሥዕሉ ከዕውቀት ላይ ጊዜ ሰረቀ ወይስ ለዕውቀት በር ከፈተ?

የአገራችን ሊቃውንት ይህን ነገር አያውቁም ነበር የሚል ካለ የማኅሌታይ ያሬድን ገድል ያስታውስ። ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ቤት ኮብልሎ፣ ተስፋ ቆርጦ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንዲት ትል በግንዱ ላይ እየወጣች ስትወድቅ፣ ወድቃም ስትነሣ፣ በመጨረሻም ከፍሬው ስትደርስ ተመልክቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ፣ ኋላም ዜማውን ከገነት ከመጡ ሦስት አዕዋፍ እንደ ተማረ ይተርካል። ታሪኩን የሚያምን ይመን፤ በምሳሌነት ብቻ የሚቀበለውም ይቀበል፤ እኔ የማመለክተው ግን አንድ ነገር ነው፤ አባቶቻችን ትልቁ ጥበባቸው ከየት እንደ ተገኘ ሲጠየቁ በጅማሬው ላይ ያስቀመጡት አንዲትን ትል በትዕግሥት የተመለከተ ሕፃን ነው። ጥበብንና የፍጥረትን ምርምር በሁለት ክፍል ለይቶ፣ አንዱን ቁም ነገር ሌላውን ጨዋታ ያደረገው ሐሳብ ከእነርሱ አልመጣም።

ወደ ሕግና ገንዘብ እንለፍ፤ ተከራካሪዎቻችን ጠንካራ ምሽጋቸው አድርገው የሚመኩት በዚህ ነውና። ፍጥረትን የሚያድነው ሕግ ነው ይላሉ። ሕጉንስ ማን አወጣው? የሎውስቶን በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1 ቀን 1872 ሲሆን፣ ከሕጉ በፊት በ1871 ወደዚያ ከዘለቀው የጥናት ጓድ ጋር ሠዓሊው ቶማስ ሞራንና ፎቶግራፍ አንሺው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን ተጉዘው ነበር፤ ቦታውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት የምክር ቤት አባላት የፈረዱበት እነዚህ ሁለት ሰዎች ይዘው የተመለሱትን እያዩ ነው። ምክር ቤቱ የሞራንን ታላቅ ሥዕል በዚያው ዓመት በ10,000 ዶላር ገዝቶታል። የጥናቱ ዘገባ ብቻውን ያንን ሕግ ያስወጣ ነበር ብሎ የሚምል አለ?

ሥዕል መሬት አይገዛም ለሚሉት ደግሞ ከዚህ የጎላ ምስክር አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የዳክዬ ቴምብር የሚባል ቴምብር በየዓመቱ ይታተማል፤ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የውኃ ወፍ አዳኝ ሁሉ የመግዛት ግዴታ አለበት፤ የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለው ዲንግ ዳርሊንግ የሚባል የጋዜጣ ሠዓሊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ደግሞ የየዓመቱ ቴምብር በሠዓሊዎች ውድድር ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ አዕዋፍ የሚራቡበትን ረግረግና ሣር ምድር ለመግዛትና ለመከለል ይውላል፤ በዚህም መንገድ እስካሁን ከ6 ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ መሬት ተጠብቋል። ከዚህ ጎን ለጎን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሚወዳደሩበት የታዳጊዎች የዳክዬ ቴምብር አለ፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1994 በሕግ አጽንቶታል። ልጁ አንዲት ዳክዬ ወይም አንድ ዝይ መርጦ፣ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ ላባው በምን ወራት እንደሚለወጥ ተምሮ ይሥላል፤ አሸናፊው ሥዕል በ5 ዶላር የሚሸጥ ቴምብር ይሆናል፤ ገንዘቡም ተመልሶ ለሌሎች ልጆች የተፈጥሮ ትምህርት ይሆናል። እንግዲህ እዚህ ላይ ሥዕሉን ከሕጉ፣ ሕጉንም ከገንዘቡ ለይቶ የሚያሳየኝ ማን ነው?

በዚሁ በኮሎራዶም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ሌክውድ ያለችበት የጄፈርሰን አውራጃ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1972 በገዛ ድምፁ ከየግዢው ግማሽ ሳንቲም በዶላር ግብር ተቀብሎ ኮረብታውንና ሸለቆውን ከግንባታ እያስከበረ ይኖራል፤ የግዛቱ ሕዝብም በ1992 የሎተሪውን ትርፍ ለመናፈሻ፣ ለወንዝና ለዱር አራዊት እንዲውል ሕገ መንግሥቱን በድምፅ አሻሽሏል። በራስ ላይ ግብር የሚጥል ድምፅ ሰጪ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚወደው ኮረብታ ያለው ሰው ነው። ዛሬ 8 ዓመት የሆነው ልጅ ከ10 ዓመት በኋላ በዚያው የድምፅ ሣጥን ፊት ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ ኮረብታውን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ብቻ ከሆነ ስለ እርሱ ምን ብሎ እንዲመርጥ ትጠብቃላችሁ?

ስለ ራሳችን አገር ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በጎንደር፣ በጎጃምና በሌላውም ደጋ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ እርሻው እስከ ተራራው ጫፍ ወጥቶ፣ ከጥንቱ ደን የተረፈው በየደብሩ ዙሪያ የቀረው ብቻ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከሺህ የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በብዙ ድካም ያጠኑትና ለዓለም ያስታወቁት ይህንኑ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። እኒሁ የደን ሊቅ እመጓ የተባለው መጽሐፍ ደራሲ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ፤ ሳይንስን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ጥበብን እንደ ትርፍ ነገር አልናቃትም። ወደ ደብሩ የሚሄድ ሕፃን በመጀመሪያ በወይራውና በጽዱ ጥላ ሥር ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ቅድስቱ ገብቶ ዓይኑን ሲያነሣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው፣ የተጠማችው ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ያያል። ሠዓሊው ያንን የሣለው ስለ አካባቢ ጥበቃ አስቦ ነው አልልም፤ እንዲህ ማለት የአባቶችን ሥራ በዛሬ ልብስ ማልበስ ይሆናል፤ ደኑንም ያስከበረው የታቦቱ ክብር እንጂ ቀለሙ አይደለም። ሆኖም ያ ክብር ለማያነብ ሕፃን በምን ቋንቋ ይነገረው ነበር? አውሬና ወፍ በቅዱሱ ዙሪያ በሰላም የሚኖሩበት ዓለም ያማረ መሆኑን ከሥዕሉ በቀር በዚያ ዕድሜ ማን ያስተምረው ነበር? ሥዕሉና ደኑ በአንድ ቅጥር ውስጥ ኖረዋል፤ የእኒሁ ቅዱስ የዝቋላ ገዳም ደን እስከ ዛሬ በተራራው ራስ ላይ አለ።

አሁን ደግሞ «ሕፃን መሣሉን ይሣል፤ ግን በቤቱ በወረቀቱ ላይ ይሣል፤ የከተማ ግድግዳና የብዙ ሰው ጉባኤ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለውን እንይ። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር እንደ እኛ ያለው ሕዝብ ጥቂት ነው። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ምን ያደርጉ ነበር? ከዋዜማው ብዙ ቀን አስቀድመው ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ ቀለም ያለው በቀለም፣ የሌለው ቅጠልና አበባ ጨምቆ፣ ፀሐይዋን፣ መልአኩን፣ አደይ አበባውን ይሥሉ ነበር፤ በበዓሉ ጧት ግን ሥዕሉን በቤታቸው ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም፤ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ለአያቶች፣ ለጎረቤት፣ ለአበ ልጅ፣ «እንኳን አደረሰዎ» እያሉ በሁለት እጃቸው ይሰጡ ነበር። ሴቶች ልጆችም ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ መንደሩን ያዳርሱ ነበር። ሥዕሉ ሥዕል የሚሆነው ከልጁ እጅ ወጥቶ በሰው ቤት ሲቀመጥ ነው፤ አበባውም የመንደሩ ሁሉ ዜና የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። የማኅበረሰብ ሥነ ጥበብ ብለው ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች በትልቅ ስም የሚጠሩት ነገር ለእኛ በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ሲፈጸም የኖረ ልማድ ነው።

ሌክውድም የራሷን መንገድ ጀምራለች። ከአውሮራ ተነሥቶ ዴንቨርን አቋርጦ በሚመጣው በኮልፋክስ ጎዳና ዳር፣ 40 ዌስት በሚባለው የሥነ ጥበብ ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አርትላይን የተባለ 4 ማይል የእግር መንገድ ተከፍቷል፤ በመሬቱ ላይ የተሰመረውን አረንጓዴ መስመር የተከተለ ሰው ዎከር ብራንች፣ ማውንቴርና አቪዬሽን የተባሉትን ሦስት መናፈሻዎች እያገናኘ በግድግዳ ሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ መካከል ይሄዳል። በማውንቴር የማኅበረሰብ እርሻም አለ፤ ልጁ ሥዕሉን አይቶ ሳይጨርስ የጎመኑን መደብ ያገኛል። የዚህ መንገድ ብልሃት ሥዕሉን ከአዳራሽ አውጥቶ ለእግር ማስረከቡ ነው። «ሥዕል ልጁን በቤት ይዘጋዋል» የሚሉት ሰዎች እስቲ ይህን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ይሂዱና ማን እንደ ተዘጋ ይንገሩን። የቴሌቪዥን መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ አማዞን ደን የሚማረው ልጅ ነው ወይስ መስመሩን ተከትሎ ጅረት ሊሻገር የወጣው?

ይህን ካልሁ በኋላ የገባሁትን ቃል ልፈጽም፤ ከተከራካሪዎቻችን ነገር እውነት ያልሁት ሥዕል መሸፈኛ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ይችላል፤ ሆኖም ያውቃል። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ አስቀድሞ በንድፍ የጨረሰውን ሥዕል ቁጥር እየሰጠ፣ ሕፃናቱ በቁጥሩ ላይ ቀለም ብቻ እንዲሞሉ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሁሉም ወደ ቤቱ እንዲሄድ የሚደረግበት ነገር አለ፤ ሕፃናቱ የሣሉትን ወፍ አንድ ቀን እንኳ በሕይወት አላዩትም፤ የጅረቱንም ስም አያውቁም። ይህን ዓይነቱን እኔም አልከላከልለትም። በሌክውድ በቤልማር መናፈሻ አጠገብ ከ400 የሚበልጡ መኖሪያዎች ያሉት ሕንፃ ይሠራ ተብሎ ከ2023 ወዲህ ብዙ ነዋሪ ስለ ዛፎቹና ስለ አዕዋፉ ሲጮኽ፣ ፊርማ ሲያሰባስብ፣ የከተማውን ምክር ቤት ሲሞግት ቆይቷል፤ በእንዲህ ያለው ክርክር ቀን የተቀባ ግድግዳ ብቻውን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ምንድን ነው? ሐሰተኛ ሐኪም ስላለ ሕክምና ይቅር እንደማይባል፣ ሐሰተኛ ሥዕል ስላለ ሥዕል ይቅር አይባልም። በዚያ ሙግት ላይ የቆሙት ሰዎች እኮ ኩሬውን በየዕለቱ የሚዞሩት፣ የትኛው ወፍ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር የሚያውቁት ናቸው። ልጆቻቸው እነዚያን ዛፎች አንድ በአንድ ሥለዋቸው፣ ከሥዕሉም ሥር የቦታውንና የዛፉን ስም ጽፈው፣ በከተማው አዳራሽ መተላለፊያ ሰቅለዋቸው ቢሆን ኖሮ፣ ምክር ቤቱ ዛፎቹን «አንዳንድ ዕፀዋት» ብሎ በጥቅሉ ሊጠራቸው ይደፍር ነበርን? ለመሸፈኛነት የሚያገለግለው ስም የለሽ ሥዕል ነው። ቦታውን አይቶ፣ በስሙ ጠርቶ፣ በአደባባይ የሣለ ሕፃን ግን ለዚያ ቦታ ምስክር ሆኗል፤ ምስክር የበዛበትን ነገር ደግሞ በጨለማ መቁረጥ ይከብዳል።

የቀረኝ ከገዛ ወገኖቼ ጋር ያለው ክርክር ነው፤ በዚህ ላይ ልቤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይሞቃል። «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም፤ ማንም ልጃችሁ ሠዓሊ ሆኖ ይደር አላላችሁም፤ በትዕግሥት ማየት የለመደ ልጅ ሐኪምም ቢሆን መሐንዲስም ቢሆን አይጎዳውም። «የዚህ አገር ተፈጥሮ የእኛ አይደለም» የሚለው ግን ልጆቻችንን ሁለት ጊዜ የሚያራቁት ነገር ነው፤ የአያቶቻቸውን ሜዳ አላዩትም፤ በደጃቸው ያለውን ደግሞ የሰው ነው ብለን እንከለክላቸዋለን። ከአውሮራ ሆኖ ፀሐይ ሲወጣ የሚያበራ ተራራ በየጧቱ የሚያይ፣ ግን አንዲት ዛፍ በስሟ መጥራት የማይችል ልጅ አሳድገናል፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ደግሞስ እውነት የእኛ አይደለም? መስከረም ሲጠባ በኮሎራዶ መንገድ ዳር ምን እንደሚያብብ አይታችኋል? የዱር ሱፍ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ በሌክውድ ግሪን ማውንቴን ኮረብታ ላይ ራቢትብራሽ የሚባለው ቁጥቋጦ በዚሁ ወራት ወርቅ ይለብሳል። የዕፀዋት ሊቃውንት እነዚህን ሁለቱንና የእኛን አደይ አበባ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይቆጥሯቸዋል፤ ዝምድናቸውንም ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንዷን የሱፍ አበባ ቀርቦ የሣለ ልጅ ከመካከሏ የተጨናነቁት ጥቃቅን አበቦች፣ በዙሪያዋም የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች ምን እንደሚመስሉ ካወቀ፣ አደይ አበባን በፎቶግራፍ ባሳያችሁት ጊዜ ራሱ ዘመዱን ይለያል። እኛ ግን በአዲስ ዓመት አዳራሽ ተከራይተን፣ ከሱቅ የገዛነውን የፕላስቲክ አበባ በልጆቻችን እጅ አስይዘን አበባየሆሽ እናስዘፍናቸዋለን፤ ከአዳራሹ ውጭ ያለው ሜዳ ሁሉ በዚያው ሰዓት በእውነተኛ ቢጫ አበባ ተሞልቶ ሳለ! በመናፈሻዎቹ ውስጥ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው፤ ሥዕልም የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። አበባዋን ሳይቀጥፋት ወደ አያቱ ቤት ይዟት ሊሄድ የሚችለው የሣላት ልጅ ብቻ ነው። በአንድ በኩል የአባቶቹን የእንቁጣጣሽ ልማድ ይፈጽማል፤ በሌላ በኩል የሚኖርበትን አገር ሕግ ያከብራል፤ እማማም ሥዕሉን ተቀብለው «ይህችማ አደይን ትመስላለች» ሲሉ፣ ስለ ልጅነታቸው ሜዳ በዚያች ሰዓት የሚነግሩትን በየትኛው መጽሐፍ ያገኘው ነበር?

ስለዚህ «ከሳይንሱና ከሕጉ በኋላ፣ ጊዜ ከተረፈ ሥዕል» የሚለውን ቅደም ተከተል እኔ ከታች ወደ ላይ እገለብጠዋለሁ። በመጀመሪያ ልጆቹ ወደ ቦታው ይውጡ፤ በቦታው ተቀምጠው ይሣሉ፤ ከሥዕላቸው የተወለደውን ጥያቄ ይዘው ወደ መምህሩ ይምጡ፤ ከዚያ በኋላ የሣሉትን በጋራ ግድግዳ ላይ፣ ከነቦታው ስም፣ ሕዝብ በሚያልፍበት ያኑሩት። ለዚህም የሚያስፈልገው እጅግ ትንሽ ነው። ለምሳሌ በየጎዳናችን ጠርዝ ያለውን የዝናብ ውኃ መውረጃ ተመልከቱ፤ በዚያ የሚገባው ውኃ ሳይጣራ በቱቦ ወደ ቅርቡ ጅረት፣ ከጅረቱም ወደ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይወርዳል፤ የመኪና ዘይትም፣ የሣር መድኃኒትም፣ የውሻ ቆሻሻም አብሮ ይሄዳል። በሌክውድ በኩል የሚያልፈው ቤር ክሪክ ከብሉ ስካይ ተራራ በረዶ ተነሥቶ በኤቨርግሪንና በሞሪሰን አልፎ የሚመጣ ውኃ ነው። የኮሎራዶ የግዛት ዓሣ የሆነው ግሪንባክ ትራውት በ1937 ገደማ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በተደረገ ምርመራ ንጹሕ ዘሩ የተገኘው በአንድ ጅረት ውስጥ ብቻ ነበር፤ እርሱም በስም ቤር ክሪክ፣ በቦታ ግን በኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ያለው ሌላው ነው። ከዚያች ትንሽ ውኃ የተረፈውን ዘር አባዝተው ወደ ሌሎች ጅረቶች መልሰውታል፤ በ2022ም በኸርማን ገልች በራሱ መራባት መጀመሩ ተነግሯል። አንድ ልጅ ይህን ታሪክ ሰምቶ፣ ዓሣውን ከነጠብጣቡና ከጉሮሮው በታች ካለው ቀይ ምልክት ጋር ሥሎ፣ በሚኖርበት ሠፈር መውረጃ አጠገብ፣ ከተማው ፈቅዶለት፣ ከጓደኞቹ ጋር ቢቀባው፣ በዚያ መንገድ ዘይት ሊደፋ የመጣው ሰው የሚያገኘው በወረቀት የተጻፈ ደንብ ብቻ አይሆንም፤ የጎረቤቱ ልጅ የሣለውን ዓሣ ያገኛል፤ ልጁም በመስኮት ያየዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን በመጪው መስከረም ከአዳራሹ አንድ ቅዳሜ ቀድመው ልጆቹን በኮልፋክስ በኩል ወደ ምዕራብ ያውጧቸው፤ ወላጅ ያችን ቅዳሜ ከሒሳብ ማጠናከሪያው ላይ ቀንሶ ይስጥ፤ ከተማዎቹም ግድግዳቸውንና የመውረጃቸውን ጠርዝ ይስጡ። የሕጉንና የገንዘቡን ክርክር ከዚያ በኋላ ከእነዚያው ልጆች ጋር እንቀጥለዋለን፤ ስለ ምን እንደምንከራከር አይተውታልና።